አሮጌ ባለሰንሰለት ትራክተር፦ ግራሶው የት ይገባል፣ የት አይገባም?

አሮጌ ባለሰንሰለት ትራክተር እጁ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው የግራሶ ፓምፕ ነው። ኒፕል (የግራሶ መሙያ ጫፍ) ያየበት ሁሉ ይሰካል። ግራሶው በጎን እስኪተፋ ይጫናል። ኒፕል የሌለበት ቦታ ካገኘ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት በብሩሽ ይቀባል። ልቡ ጥሩ ነው። ማሽኑ ግን በዚህ አይጠቀምም፤ አንዳንዱ ክፍል እንዲያውም የሚበላሸው በዚሁ ነው።

እነዚህ ማሽኖች ሲሠሩ አንዱ ቦታ ወፍራም ግራሶ፣ ሌላው ሊፈስ የደረሰ ቀጭን ግራሶ፣ ሌላው የካምቢዮ ዘይት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ጭራሽ ደረቅ እንዲሆን የተፈለገ ቦታም አለ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የትኛው ቦታ ምን እንደሚጠጣና የት ላይ እጃችሁን መሰብሰብ እንዳለባችሁ ያሳያል።

የማወራው በዋናነት እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ስለተመረቱት ነው። የካተርፒላር ዲ2፣ ዲ4፣ ዲ6 እና ዲ7፤ የኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ቲዲ-6፣ ቲዲ-9 እና ቲዲ-14፤ የአሊስ-ቻልመርስ ኤችዲዎች፤ ክሌትራክና ኦሊቨር፤ የጆን ዲር ኤምሲ እና 40ሲ። ስማቸው ቢለያይም አጥንታቸው ይቀራረባል።

ደረጃ 1፦ ማሽኑን በቁጥሩ እወቁት

«ያለኝ ዲ2 ነው» ማለት አይበቃም። ዲ2 እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1957 ተመርቷል። በእነዚያ ዓመታት ሞተሩ አድጓል፣ ብዙ ክፍሎችም ተቀይረዋል። አንዱን ከሌላው የሚለየው የመለያ ቁጥሩ መነሻ ነው፦ 3ጄ፣ 5ጄ፣ 4ዩ ወይም 5ዩ። 3ጄ እና 4ዩ ጠባቦቹ ናቸው፤ ከሰንሰለት መሃል እስከ ሰንሰለት መሃል 40 ኢንች። 5ጄ እና 5ዩ ደግሞ 50 ኢንች ናቸው። ሌሎቹ ፋብሪካዎችም እንዲሁ የየራሳቸው አቆጣጠር አላቸው።

ቁጥሩን ጻፉትና ለዚያው ቁጥር የተዘጋጀውን ማኑዋል ፈልጉ። በውስጡ የቅባት ሰንጠረዥ አለ። የትኛው ነጥብ፣ በስንት የሥራ ሰዓት፣ በምን ዓይነት ቅባት፣ ምን ያህል እንደሚሞላ ይናገራል። 10 ሰዓት የሚለው አንድ የሥራ ቀን ማለት ነው። ሰንጠረዡን ኮፒ አድርጋችሁ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ይህ ጽሑፍ የማኑዋሉ አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም።

ሁለት ነገሮች ግን ማኑዋሉም አይነግራችሁም። አንደኛ፣ ማሽኑ በዕድሜው ብዙ እጅ አልፎበታል። ግራሶ የሚሞላ ሮለር (ማሽኑ ሰንሰለቱ ላይ የሚንከባለልበት የብረት ጎማ) የነበረበት ቦታ ላይ በኋላ የመጣ ዘይቱ የታሸገበት ሮለር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ካነበባችሁ በኋላ ብረቱንም እዩት። ሁለተኛ፣ የድሮ ማኑዋል «የካምቢዮ ዘይት» ሲል የሚያስበው ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምታገኙትን አይደለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ደረጃ 2፦ አቁሙት፣ እጠቡት፣ አሳድሩት

ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት። ምላጩን (ከፊት ያለውን አፈር መግፊያ) መሬት ላይ አሳርፉ። ሞተሩን አጥፉ፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ሰንሰለቱን በግንድ ደግፉ። በሃይድሮሊክ ወይም በገመድ ብቻ የተንጠለጠለ ምላጭ ሥር ማንም አይገባም። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ከዚያ ታችኛውን ክፍል ቆፍሩት። «እጠቡት» ያልኩት ለመልካም ነው እንጂ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አካፋና ዲጂኖ ነው። በሮለሮቹ መካከል የደረቀ ጭቃ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ጭቃው ካልወጣ ሮለሩ ይዞር አይዞር፣ ዘይት ያንጠባጥብ አያንጠባጥብ አታዩም። የግፊት ውሃ ካላችሁ ሮለሩ ጫፍ ላይና ፋይናል ድራይቩ (ሰንሰለቱን የሚያዞረው የመጨረሻው የጥርስ ሳጥን) ዙሪያ ባሉት ፓራኦሊዮዎች (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽጉ ቀለበቶች) ላይ በቀጥታ አትልቀቁት። የድሮዎቹ ፓራኦሊዮዎች ከቆዳ፣ ከቡሽና ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠሩ ናቸው። ውሃውን ከማስቆም ይልቅ ወደ ውስጥ ያሳልፉታል።

የፍሬንና የፍሪሲዮን (ኃይል የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ክፍል) አቧራን በአየር አትንፉ። የዚያ ዘመን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጭንብል አድርጉ።

ከታጠበ በኋላ አንድ ሌሊት ሳይንቀሳቀስ ይደር። ጥቅሙን ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ቅባቱን ምረጡ

ብዙ ሰው የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው።

የሞተር ዘይት። የዚያ ዘመን ማኑዋሎች በሙቀት ጊዜ ኤስኤኢ 30፣ በብርድ ከዚያ የቀጠነ ያዛሉ። ለአብዛኞቹ ዛሬም ለናፍታ ሞተር የተሠራ ነጠላ ቁጥር 30 ዘይት ይበቃል። ክርክሩ ያለው ዘይቱ ውስጥ ስላለው ማጠቢያ ኬሚካል ነው። ለዓመታት ማጠቢያ በሌለው ዘይት የሠራ ሞተር ኮፓው (ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ወፍራም ዝቃጭ አለ። አዲሱ ዘይት ዝቃጩን አላቆ የፓምፑን ማጣሪያ ወንፊት ሊደፍን ይችላል። እኔ የምመክረው ወደ ክርክሩ ሳትገቡ ኮፓውን መፍታት ነው። ዝቃጩን በአካፋ አውጡ፣ ወንፊቱን እጠቡ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባ ማሸጊያ) አድርጋችሁ ግጠሙ። ከዚያ በኋላ ባለ ማጠቢያው ዘይት ወዳጅ ነው። ኮፓውን መፍታት ካልተቻለ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ለውጡ፣ የሚቀጥለውንም እንዲሁ። የግፊት ጌጁንም ከዓይናችሁ አታርቁት።

አንድ ለየት ያለ ቤተሰብ አለ። እንደ ኤችዲ-7፣ ኤችዲ-10 እና ኤችዲ-14 ያሉት አሊስ-ቻልመርሶች የጄነራል ሞተርስ ባለ ሁለት ምት 71 ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። ይህ ሞተር የሚፈልገው አመዱ አነስተኛ የሆነ ነጠላ ቁጥር 40 ዘይት ነው። ለዘመናዊ መኪና የተሠራ 15-40 እዚያ ውስጥ አትጨምሩ።

የካምቢዮና የፋይናል ድራይቭ ዘይት። የድሮው ማኑዋል የሚያስበው ምንም ኬሚካል ያልተጨመረበት የማዕድን ዘይት ነው። ዛሬ ገበያውን የሞላው ጂኤል-5 (ጂኤል የካምቢዮ ዘይት ደረጃ መለያ ነው) ግን የድኝና የፎስፈረስ ኬሚካል በብዛት አለበት። ለዘመናዊ ዲፈረንሻል ጥሩ ነው። እነዚህ ካምቢዮዎች ውስጥ ግን የነሐስ ቡሽ (ዘንግ የሚዞርበት ቱቦ) እና ቀለበት አለ። ኬሚካሉ ሲሞቅ ቢጫውን ብረት ይበላዋል። ስለዚህ ማኑዋሉ ሌላ ካላዘዘ ጂኤል-1 ወይም ጂኤል-4 ፈልጉ። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 90 ነው። ሙቀት ባለበት አገር ወይም ጥርሱ ባረጀ ማሽን ላይ 140 ይሻላል።

ግራሶ። ውፍረቱ ከ000 እስከ 6 በቁጥር ይለካል። የተለመደው የመኪና ግራሶ 2 ቁጥር ነው፤ ለአብዛኛው ኒፕል ይሆናል። ለድሮ ሮለር ግን ወፍራም ነው። ለዚያ 0 ወይም 00 የሚባለው፣ ባልዲ ውስጥ ሲያዘነብሉት የሚፈሰው ዓይነት ያስፈልጋል። ለውሃ ፓምፕ ደግሞ ውሃ የማያጥበው የካልሲየም ግራሶ ነው የሚሻለው።

ግራሶዎችን አትደባልቁ። ሊቲየም ላይ የሸክላ ወይም የፖሊዩሪያ ግራሶ ሲጨመር ሁለቱም ባሕርያቸውን ለቀው እንደ ውሃ ሊፈሱ ይችላሉ። ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ አሮጌው ተገፍቶ እስኪወጣና አዲሱ ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ድረስ አሳልፉት። ይህን የምታደርጉት ግን አሮጌው የሚወጣበት መንገድ ባለው ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ታችኛው ክፍል

የባለሰንሰለት ትራክተር ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ነው። ሞተር ቢበላሽ ይጠገናል። ሰንሰለት፣ ሮለር፣ አይድለርና ስፕሮኬት (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ጎማ) አንድ ላይ ሲያልቁ ግን ከማሽኑ ዋጋ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ከሮለሮቹ ጀምሩ። ክብደቱን የሚሸከሙት የታች ሮለሮች ናቸው። የላይኞቹ ሰንሰለቱን ብቻ ይይዛሉ። አይድለር የሚባለው የፊቱ ትልቅ ጎማም ከነሱ ጋር ይታያል። የእያንዳንዱን ዘንግ ጫፍ ጥረጉና ተመልከቱ። ኒፕል አለው? ታፖ (የሚፈታ መክደኛ) አለው? ወይስ ምንም የለውም?

ምንም ከሌለው ወይም የታሸገ ዓይነት ከሆነ ተዉት። ዘይቱ ውስጡ ነው።

ኒፕል ወይም ታፖ ካለው ደግሞ ተራውን የግራሶ ፓምፕ አስቀምጡት። የእጅ ፓምፕ ከ300 ባር በላይ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። የሮለር ፓራኦሊዮ የተሠራው ቅባቱ እንዳይወጣ፣ ጭቃው እንዳይገባ ለመከላከል እንጂ ይህን ለመሸከም አይደለም። አንድ ጊዜ በኃይል ከተገፋ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ የሞላችሁት ሁሉ ይፈስሳል፣ በምትኩ አፈር ይገባል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ብዙ ቅባት በትንሽ ግፊት የሚሰጥ የባልዲ ፓምፕ ነው። በአንዳንድ የካተርፒላር ሮለሮች ላይ ታፖው ይፈታል፣ የፓምፑ አፍንጫ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አሮጌው ቅባት በአፍንጫው ዙሪያ ተመልሶ ይወጣል። ቀስ እያላችሁ ግፉ። የሚመለሰው ንጹሕ ሲሆን አቁሙ፣ ታፖውን መልሱ። ውሃ ወይም ግራጫ ጭቃ ከወጣ ያ ሮለር ፓራኦሊዮው ሄዷል ማለት ነው። ጻፉት።

ከመሙላታችሁ በፊት የኒፕሉን ጫፍ በጨርቅ መጥረግ አትርሱ። ካልተጠረገ መጀመሪያ ወደ ውስጥ የሚገባው አሸዋው ነው።

ከሥራ በኋላ ደግሞ ይህን አድርጉ። ሞተሩን አጥፉና የእጃችሁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ሮለር አስጠጉ። ከጎረቤቶቹ የጋለ ካለ ቅባቱ አልቋል ወይም ውስጡ እየተበላ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የተፋቀ ካለ መዞር አቁሟል፤ ሰንሰለቱ ላዩ ላይ እየተጎተተ ነው። ይህን በዓይን ማግኘት ትችላላችሁ፣ መሣሪያ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ሮለር ላይ ወፍራም ቅባት መሙላት ጊዜ መግዛት ነው። ይፈታና ይጠገን።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ ራሱ። የድሮ ሰንሰለት ፒን (መገጣጠሚያውን የሚያያይዘው ዘንግ) እና ፒኑ የሚገባበት ቡሽ ደረቅ ናቸው፤ ብረት በብረት ላይ ይሠራል። እዚህ ላይ ዘይትም ግራሶም አይደረግም። የተቃጠለ ዘይትም ቢሆን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሽኑ የሚሠራው አፈር ውስጥ ነው። ደረቅ አሸዋ ከመገጣጠሚያው ይረግፋል። ዘይት የነካው አሸዋ ግን ይጣበቃል፣ ፒኑና ቡሹ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፈጫል። «ሲጮህ ደስ አይለኝም» የሚል ሰው አለ። ይጩህ። በደረቅ መሬት ላይ የሰንሰለት ጩኸት የተለመደ ነው። በኋላ የመጡት በውስጣቸው ዘይት ያላቸው ሰንሰለቶችም ቢሆኑ ከውጭ ምንም አይቀቡም።

ሰንሰለቱ ምን ያህል እንደተበላ ለማወቅ ወጥሩት። የአንዱን ፒን ጠርዝ ያዙና ከሱ ቀጥሎ እስካለው አራተኛ ፒን ተመሳሳይ ጠርዝ ድረስ ለኩ። ለአራት አካፍሉ። ውጤቱን ማኑዋሉ ላይ ካለው የአዲስ ሰንሰለት ልክ ጋር አስተያዩ። ሰንሰለቱ የሚፈታበት ዋናው ፒን ከልኬታችሁ ውጭ ይሁን። ሰንሰለት «ረዘመ» የሚባለው ብረቱ ተስቦ ሳይሆን ፒንና ቡሹ በአንድ ጎን ተበልተው ነው። ስለዚህ ገና ሳያልቁ ከተያዙ በ180 ዲግሪ አዙሮ ባልተበላው ጎናቸው ማሠራት ይቻላል። ይህ ግን ትልቅ ፕሬስ ያለው ጋራዥ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ በመዶሻ አትሞክሩት።

የሰንሰለት ውጥረት

ከሁሉም ቅባት ይልቅ ታችኛውን ክፍል የሚያድነው ይህ ነው።

ማሽኑን ትንሽ ወደ ፊት ንዱትና ፍሬን ሳትይዙ በራሱ እንዲቆም ተዉት። ቀጥ ያለ ጣውላ ከአይድለሩ እስከ ላይኛው ሮለር ድረስ ሰንሰለቱ ላይ አጋድሙ። ሰንሰለቱ በመሃል ከጣውላው ወደ ታች ምን ያህል እንደረገበ ለኩ። ለትናንሾቹ ትራክተሮች ከ25 እስከ 40 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ለትላልቆቹ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ማኑዋሉ ላይ አለ።

አብዛኛው ሰው አጥብቆ ይወጥራል፤ የላላ ሰንሰለት ያስፈራዋል። እርግጥ በጣም የላላ ሰንሰለት መታጠፊያ ላይ ይወልቃል። የጠበቀው ግን ማንም ሳያየው ፒኑን፣ ቡሹን፣ የስፕሮኬቱን ጥርስና የአይድለሩን ኩሽኔታ አንድ ላይ ይበላል። ጉልበትም ይወስዳል። ጭቃ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ በዚያው ጭቃ ውስጥ ሳላችሁ ለኩ። ጭቃው ስፕሮኬቱ ላይ ሲጠቀጠቅ ሰንሰለቱ በራሱ ይጠብቃልና።

የድሮዎቹ በትልቅ ቡሎን ይወጠራሉ። ቡሎኑ ዝጎ ከያዘ ዝገት ማላቀቂያ አጠጡት፣ ያድር። ሲላቀቅ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ ግራሶ ቀቡት። ቀድሞ እንዲህ ቢደረግለት ኖሮ አይዝግም ነበር። በኋላ የመጡት ደግሞ በግራሶ ሲሊንደር ይወጠራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግራሶ በከፍተኛ ግፊት ላይ ነው፤ ቆዳ ይበሳል። ለማላላት ስትፈልጉ ማስተንፈሻውን ቀስ ብላችሁ አንድ ዙር ብቻ ፍቱ። ፊታችሁን ከፊት ለፊቱ አታድርጉ። ኒፕሉን ለመፍታት አትሞክሩ።

ከአይድለሩ ጀርባ ያለውን ወፍራም ሞላ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት። ታጭቆ ነው የተቀመጠው። ያለ ልዩ መሣሪያ የፈታው ሰው ሊሞት ይችላል።

ደረጃ 5፦ ካምቢዮና ፋይናል ድራይቭ

ማሽኑ አድሯል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ታች ተኝቷል። ጠዋት ሳታንቀሳቅሱት የማፍሰሻውን ታፖ ቀስ ብላችሁ አላሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ከሆነ ታዩታላችሁ። ትንሽ ጠብታ ከእርጥበት የመጣ ሊሆን ይችላል። በኩባያ የሚሞላ ከወጣ ግን ፓራኦሊዮው ውሃ ያስገባል፣ ወይም የማርሽ ዘንጉ ሽፋን ተቀዶ ዝናብ ይገባል። የኋለኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ውሃው ካለቀ በኋላ ታፖውን መልሱ። ማሽኑን ዘይቱ እስኪሞቅ ንዱትና ከዚያ ሙሉውን አፍስሱ። ሲሞቅ ዝቃጩን ይዞ ይወጣል። የወጣውን በነጭ ሰሃን ላይ ተመልከቱ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ተደባልቆበታል። ታፖው ላይ ጥቁር የብረት ዱቄት መኖሩ የዕድሜ ነው። የሚያብረቀርቅ ቢጫ ቅንጣት ነሐስ ነው፤ ቡሽ እየተበላ ነው። በጣት የሚያዝ ብረት ስባሪ ከተገኘ ሥራ ይቁም፣ ይከፈት።

በማኑዋሉ ልክ ሙሉ። «ትንሽ ይብዛ» አይሠራም፤ የበዛው ዘይት የሚሄደው ወደ ጎን ነው። ወደ ጎን ማለት ደግሞ ወደ መሪ ፍሪሲዮኖቹ ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ መሪ ፍሪሲዮኖች

ባለሰንሰለት ትራክተር የሚታጠፈው የአንዱን ጎን ኃይል በመቁረጥ ነው። ይህን የሚሠሩት ከኋላ በግራና በቀኝ ያሉት ፍሪሲዮኖች ናቸው። በአብዛኞቹ የድሮ ካተርፒላሮችና ቲዲዎች ላይ ደረቅ ናቸው። ዘይት ከነካቸው ይንሸራተታሉ። ዝገት ከነካቸው ደግሞ ይጣበቃሉ። ክሌትራክ ግን የተለየ ነው። እሱ የሚታጠፈው በዲፈረንሻልና በፍሬን ነው፤ የማኑዋሉን ቅባት በትክክል ያዙለት።

የእያንዳንዱን ክፍል የታች ታፖ ፍቱ። ደረቅ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ዘይት ከወጣ ከካምቢዮ ወይም ከፋይናል ድራይቭ በኩል እያመለጠ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሁለቱን የዘይት መጠን እዩና የጎደለውን ለዩ። ሸራዎቹ ገና በዘይት ካልጠገቡ በነጭ ጋዝ ማጠብ ይቻላል። ማሽኑ ቀዝቅዞ፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ እሳት ርቆ። ቤንዚን አትጠቀሙ። አጥባችሁ ታፖውን ክፍት ተዉትና በደንብ ይንጠፍጠፍ። የሚያፈሰው ፓራኦሊዮ ካልተለወጠ ግን እጥበቱ ከሳምንት አያልፍም።

የተጣበቀ ፍሪሲዮን ሌላ ታሪክ ነው። ማሽኑ ለዓመታት ዝናብ ላይ ቆሞ ከሆነ መሪውን ስትስቡት ምንም አይለወጥም። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ትዕግሥት ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ ካምቢዮው ዘይት እስኪሞቅ አሠሩት። ሰፊ ሜዳ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ንዱ፣ መሪውን ስባችሁ ያዙ፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ልቀቁ። ካልላቀቀ ኃይል አትጨምሩ፤ ይከፈት።

የፍሪሲዮን መግፊያ ኩሽኔታ ኒፕል ካለው ማኑዋሉ ያለውን ያህል ብቻ ስጡት። ብዙውን ጊዜ በጣም ትንሽ ነው። የተረፈው ግራሶ በሽክርክሪቱ ተወርውሮ ሸራው ላይ ያርፋል። ከፊት ያለው ዋናው ፍሪሲዮንም እንዲሁ ነው። በእጅ ዘንግ የሚያዘው ዓይነት ከሆነ ሲገባ «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። ያለ ምንም ተቃውሞ የሚገባ ከሆነ ማስተካከያው ይጠበቅ፤ ሲንሸራተት ሸራው ይቃጠላል።

ደረጃ 7፦ ሞተሩ

የዘይት ለውጥ የታወቀ ነው፤ አላንዛዛም። ሞቆ ይፍሰስ፣ ፊልትሮው ይለወጥ ወይም ይታጠብ፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን።

አየር ማጣሪያው ግን ትኩረት ይፈልጋል። የዚያ ዘመኑ ከሥሩ ዘይት ያለበት ሳህን አለው፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ይቀራል። ብዙ አቧራ ባለበት ቦታ በየቀኑ ፍቱት። ሥሩ ላይ ጭቃው አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ከወፈረ ዘይቱ ይደፋ፣ ሳህኑ ይታጠብ፣ በአዲስ የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ይሞላ። ምልክቱን አትለፉ። የተረፈውን ዘይት ሞተሩ ሊስበው ይችላል፤ የናፍታ ሞተር ደግሞ በሳበው ዘይት ከቁጥጥር ውጭ ይሮጣል። ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለውን የጎማ ቱቦም ዳስሱት። እዚያ ላይ ያለች ስንጥቅ የማጣሪያውን ሥራ ሁሉ ከንቱ ታደርጋለች።

ናፍታ። ማታ ታንኩን ሙሉ፣ ጠዋት ሳታስነሱ ከሥሩ ትንሽ አፍስሱ። ባዶ ታንክ ሌሊት ጤዛ ይይዛል። ውሃው የመርፌ ፓምፑ ጋ ከደረሰ ዝገቱ ውድ ነው።

ትንሿ የቤንዚን ማስነሻ ሞተር። የካተርፒላር ናፍታዎች ባለ ሁለት ሲሊንደር ታናሽ ሞተር አላቸው። የራሷ የዘይት ኮፓ አላት፤ ብዙ ባለቤት ይረሳታል። በየጊዜው መለኪያ ዘንጉን አውጡና አሽትቱ። መጠኑ ከፍ ብሎ ቤንዚን ከሸተተ ካርቡሬተሩ ያንጠባጥባል። እንዲህ ቀጥኖ የሚሠራ ዘይት ክራንክሻፍቷን ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራዋን ስትጨርስ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉና የቀረውን አቃጥላ ራሷ ትጥፋ። ማግኔቷ (የእሳት ብልጭታ የሚሰጣት ክፍል) የዘይት ቀዳዳ ካለው ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ከበዛ ኮንታክቷ ላይ ይደርስና አትነሳም። በቤንዚን ተነስተው ወደ ናፍታ የሚዞሩት ኢንተርናሽናሎችም ላይ ያው የማሽተት ፍተሻ ይደረግ፤ ቤንዚን ወደ ዋናው ኮፓ ሊወርድ ይችላል።

ደረጃ 8፦ የሚረሱት ነጥቦች

የውሃ ፓምፕ፣ የፋን እምብርት፣ የዲናሞ ጫፎች፣ የመሪና የፍሬን ዘንጎች መገጣጠሚያ። ከሞተሩ ሥር በአግድም ያለውና ሁለቱ የሰንሰለት ፍሬሞች የሚወዛወዙበት ትልቁ ሞላ ወይም ዘንግ። ፍሬሞቹ ከኋላ የሚታጠፉበት መገጣጠሚያ። የምላጩ ክንዶችና የሲሊንደሮቹ ፒኖች። ማሽኑ በገመድ የሚሠራ ከሆነ የገመዱ መዘውሮች። እነዚህ 2 ቁጥር ግራሶ በተራው ፓምፕ ይወስዳሉ፣ አዲሱ ብቅ ሲል ይቆማል። የውሃ ፓምፑን ግን በልክ፤ የተረፈው ራዲያተር ውስጥ ይገባል። ዲናሞም እንደ ማግኔቷ ነው፣ ጠብታ ይበቃዋል።

ግራሶ አልቀበል ያለ ኒፕልን በኃይል አትጋፉት። ፍቱት፣ ቀዳዳውን በሽቦ ክፈቱ፣ ያረጀውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አላሉ፣ አዲስ ኒፕል ግጠሙ። ኒፕል ርካሽ ነው።

ስትጨርሱ ሁሉንም ነጥብ ማኑዋሉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አስተያዩ። አንድ ሁለት የቀረ አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ ወለሉ ሥር ወይም መቀመጫው ሥር ነው። የፈሰሰውን ዘይት በጀሪካን ሰብስቡ። መሬት ላይ አይደፋ።

ደረጃ 9፦ ለረጅም ጊዜ ሲቆም

ጭቃው ይነሳ። ሰንሰለቱ በአፈር ላይ ሳይሆን በወፍራም ጣውላ ላይ ይረፍ። ዘይቱ ከመቆሙ በፊት ይለወጥ፤ አሮጌው ዘይት ውስጥ አሲድና ውሃ አለ። የጭስ ማውጫው አፍ ይከደን። የሃይድሮሊክ ሲሊንደሮቹ የሚያብረቀርቀው ዘንግ ወደ ውስጥ ይግባ፣ መግባት ያልቻለው በግራሶ ይሸፈን።

ዋናው ፍሪሲዮን ሳይያዝ ተላቆ ይቀመጥ። የመሪዎቹንም ዘንጎች ስባችሁ በእንጨት ሽብልቅ ያዟቸው፤ ሳህኖቹ ተለያይተው ሲከርሙ አይጣበቁም። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጡ ሽብልቁን ሳታወጡ እንዳታስነሱት አንድ ወረቀት መቀመጫው ላይ እሰሩ።

ዳግም ስታስነሱት ከናፍታው ውሃ አፍስሱ፣ ዘይቶቹን ሁሉ ለኩ፣ ሞተሩን መጀመሪያ ያለ ናፍታ አዙሩት። የዘይት ግፊት ጌጁ መነሳት ሲጀምር ናፍታውን ክፈቱ። ከተነሳ በኋላ ጌጁ ቢወርድ ወይም ቢወዛወዝ ወዲያው አጥፉት፤ መጀመሪያ የምታዩት የኮፓውን ወንፊት ነው።